ለሐረር መንገደኛ የጻፍኳቸው አራት ገጾች

ሐረርን ሊያይ የተነሳ ሰው ናዝሬት ላይ ካገኘኝ ምክር ሳላጠግበው አልለቀውም። ክረምቱ ይውጣና ሂድ። ጠፍጣፋ ጫማ አድርግ፤ የጀጎል ውስጥ መንገድ ድንጋይ ነው፣ ቁርጭምጭሚት አይምርም። አውቶቡስ ላይ በግራ በኩል ተቀመጥ፣ የጠዋት ፀሐይ በቀኝ ስለሚገባ። አዋሽ ላይ ሆድህን አትሙላ፣ ጭሮ ተራራ ላይ ትመልሰዋለህ። ይህን ሁሉ በአፌ እነግረዋለሁ። «እስቲ ጻፊልኝ» ሲለኝ ግን እቆጣለሁ። ጆሮ አለህ አይደለም ወይ፣ እላለሁ፣ ስማና ያዝ! ሰው በእርጅና የመጣብኝ ጠባይ ይመስለዋል። እኔ ግን አንድ ጊዜ ጽፌአለሁ፤ ለታላቅ ወንድሜ።

ጊዜው የሶማሌ ጦርነት ካለቀ በኋላ፣ የምሥራቁ መንገድ እንደገና በተከፈተበት ወራት ነበር። ወንድም ጋሼ ዘይት መጭመቂያ ውስጥ ሚዛን ላይ ይሠራል፤ የኑግና የሰሊጥ ጆንያ ሲመዝን ዕድሜው የሄደ ሰው ነው። ወዲህ አርሲ ነገሌ፣ ወዲያ ሶደሬ፤ ዓለሙ ይኸው ነበር። እኔ ደግሞ ከአብዮቱ በፊት ሦስት ዓመት ሐረር አስተምሬ ስለነበር በየምሳው ስለ ሐረር አፌን እከፍታለሁ። ግንቡ፣ አምስቱ በሮች፣ ጠባቧ የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ በየስማቸው እየተጠሩ ከሰው እጅ ሥጋ የሚበሉት ጅቦች። እሱ ጉርሻውን እንደያዘ ያዳምጠኝ ነበር። አንድ ቀን የዓመት ፈቃዱን ጠይቆ መጣ።

«ልሄድ ነው» አለኝ። «እንግዲህ ምክርሽን ጻፊልኝና ልያዘው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንዳይሆንብኝ።»

ከደብተር አራት ገጽ ቀድጄ ጻፍኩለት። መምህር ነኝና ስጽፍ አዛለሁ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳትይዝ አትነሳ። ኬላ ላይ ውረዱ ሳይሉህ ውረድ። ወታደር ባለበት ካሜራ አታውጣ። ከዚያ ግንቡን ክብ አድርጌ ሳልኩና በሮቹን ቁጥር ሰጠኋቸው፣ ሸዋ በር አንድ፣ ቡዳ በር ሁለት፣ እያልኩ እስከ አምስት። ከሥሩ «መንገድ ከጠፋህ ግንቡን ተከተል፤ ከአምስቱ በአንዱ ታመልጣለህ» ብዬ ጻፍኩ። በመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ አልኩ፦ «ሲመሽ በፈላና በር ውጣ። ጅቦቹ ይመጣሉ። ሰውየው በየስማቸው ይጠራቸዋል። ባዶ እጅህን አትሂድ፣ ሥጋ ያዝላቸው። አትሩጥ፤ ከሮጥክ ይነክሱሃል።»

ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ጅብ ማለት አውሬ ብቻ አልነበረም። የቀበሌውን ካድሬና ጠብመንጃ ያነገቱትን ተከታዮቹን በየቤታችን በር ዘግተን «ጅቦቹ» እንል ነበር። ጅቦቹ እነእከሌን ወሰዱ፣ ጅቦቹ ሊፈትሹ ነው። እኔ ራሴ ከማንም በላይ እለው ነበር። ያቺን ገጽ ስጽፍ ግን ልቤ ሐረር ስለነበር ጅብ ያልኩት ጅብን ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ በእጅ የተጻፈውን ደግሞ ማንም ያነበዋል።

ማክሰኞ ጠዋት ተሳፈረ። ከሰዓት በፊት ባለቤቱ ነጠላዋን መሬት እየጎተተች ትምህርት ቤት ድረስ መጣችብኝ። አውቶቡሱ ከከተማ መውጫው ኬላ ሳያልፍ እንዳስወረዱት፣ ከኮቱ ኪስ ወረቀት አግኝተው እዚያው በሰደፍ ጥርሱን እንዳረገፉት፣ ከዚያም ወደ ቀበሌው እንደወሰዱት ከአውቶቡሱ የተመለሰች ሴት ነግራታለች።

«ምን ወረቀት ነው?» አለችኝ።

«የሐረር መንገድ ነው» አልኳት። እኔ ጻፍኩት አላልኳትም። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ወጣሁ።

ቀበሌው ከአንድ ሀብታም የተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። ሰው የሚገርፉት በመኪና ማቆሚያው ውስጥ ነው፤ የቆርቆሮ በሩ ወደ መንገድ ስለሚያይ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይሰማል፣ እንዲሰማም ነው። ገና ከመዞሪያው የወንድም ጋሼን ድምፅ ለየሁት። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው ባላውቅም ለየሁት።

«እንስሳ ናቸው!» ይላል። «በእመቤቴ፣ ጓድ፣ እንስሳ ናቸው! ሐረር ያሉ እንስሶች ናቸው!»

«እንስሳ?» ይላል ካድሬው፤ ከዚያ ጅራፉ ይሰማል። እውነቱን በተናገረ ቁጥር ስድብ እየሆነ ይቆጠርበታል። ዝም ሲል ደግሞ ስማቸውን ተናገር ይሉታል። የጅቦቹን ስም ጥራ! ሥጋው ማነው? ሰውየው ማነው? በየትኛው በር ነው የምታመልጡት?

በሩ ላይ የቆመው የአብዮት ጥበቃ ጎልማሳ የማታ ትምህርት ላይ ፊደል ያስቆጠርኩት ሰው ነው። ከከተማው ዳር የመጣ ገበሬ ነበር፤ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ላብ ያጠመቀው፣ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባየኝ ቁጥር ጠብመንጃውን ወደ ትከሻው ገፍቶ «አካም፣ ቲቸር» የሚለኝ። ያን ቀን ሰላም አላለኝም።

«ይመለሱ» አለኝ በሹክሹክታ። «ቲቸር፣ ልጆች አሉዎት። ይመለሱ።»

ገፍቼው ገባሁ።

ወንድሜን ወፌ ላላ አስረውታል። እጁና እግሩ አንድ ላይ ታስሮ፣ በጉልበቶቹ ሥር እንጨት ተላልፎበት፣ በሁለት ጠረጴዛ መካከል ቁልቁል ተንጠልጥሏል። የውስጥ እግሩ ተልጧል። ደሙ በእንጨቱ ላይ ሄዶ ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠባል፤ ለደሙ ማጠቢያም አንድ ባልዲ ውኃ አጠገቡ ተቀምጧል። ፊቱ አብጦ ዓይኑ አይታይም። እኔን ግን በእርምጃዬ አወቀኝ መሰለኝ፣ «ማንም አልጻፈልኝም» አለ። «እኔው ነኝ የጻፍኩት።» ጥርስ በሌለው አፍ የተነገረ ስለሆነ ካድሬው ሁለት ጊዜ አስደገመው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። «የጉብኝት ምክር ነው። ሐረር አስተምሬአለሁ፣ ጅቦቹ እውነተኛ ጅቦች ናቸው፣ ሰው ይጠይቁ፣ አገር የሚያውቀው ነገር ነው።»

ካድሬው ልጅ እግር ነው፣ መነጽር ያደረገ፣ ቁጣ የሌለበት። በጥፊ ሲመታኝ እንኳ ፊቱ አልተለወጠም። ጆሮዬ ጭው ብሎ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ።

«ጻፊ» አለኝ። «ሲመሽ በፈላና በር ውጣ። ጅቦቹ ይመጣሉ።»

ጻፍኩ። እጄ እንደ ወባ ታማሚ ይንቀጠቀጣል። ስንት ዓመት ለሕፃናት የጻፍኩት ፊደል እንዲያ ሲጣመምብኝ አየሁ፤ «ጅ» የምትለዋን ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። ከበስተኋላዬ የወንድሜ ትንፋሽ ይሰማኛል፣ ውኃ እንደገባበት ቧንቧ ይንቋረራል። ጽፌ ስጨርስ ካድሬው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ አየና ሳቀ። አይመሳሰሉም። ያንኛው በተረጋጋ እጅ የተጻፈ ነበር።

በረኛውን ጠራው። «አንተ ከሷ ነው የተማርከው። የእጇን ጽሑፍ ታውቃለህ። የትኛው ነው የሷ?»

ሰውየው ጠብመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጎንበስ አለ። ጣቱን ከፊደል ፊደል እያስኬደ አነበበ፣ እኔ እንዳስተማርኩት፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። በደብተሩ ላይ በቀይ ያረምኩለት ሁሉ በዚያው እጅ የተጻፈ ነው፤ እንዳወቀው አየሁ። ቀና ብሎ ተመለከተኝ። ዓይኑ ውስጥ ያለው ምሕረት ነበር፣ ዛሬም ሌላ ስም አላገኝለትም።

«ይህ የቲቸር አይደለም» አለ። የአራት ገጹን ወረቀት ነው የሚያሳየው። «የቲቸር ፊደል ይተኛል። ይህ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ለወንድማቸው ብለው ነው የዋሹት።»

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለዚህች ነገር ነው። ካድሬው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እህ? የማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በትክክል ጠየቀኝ። መልስ ለመስጠት ጊዜ ነበረኝ፣ ከሰሌዳ ላይ አንድ መስመር የሚጠፋበትን ያህል ጊዜ። ወንድሜን አየሁት። እንጨቱን አየሁት፣ ባልዲውን አየሁት። ከዚያ የራሴን ጫማ አየሁ፤ እግሬ ውስጡ ደህና ነበር። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደህና በመሆኑ ደስ አለኝ። ምንም አልመለስኩም።

በረኛው ክንዴን ይዞ አወጣኝ። የቆርቆሮው በር ከኋላዬ ከመዘጋቱ በፊት ጅራፉ ቀጠለ። መንገድ ላይ አስቁሞኝ ነጠላዬን ራሴ ላይ አስተካከለልኝ። «ተርፈዋል፣ ቲቸር» አለኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

ዘጠኝ ቀን ባለቤቱ ምግብ አመላለሰች። በዘጠነኛው ቀን ሳህኑን እንደቋጠረችው መለሱላትና፣ ከእንግዲህ እንዳታመጪ አሏት። አስከሬን አልሰጡንም። ልቅሶ መቀመጥም ክልክል ነበርና ድምፃችንን ትራስ ውስጥ ቀበርን።

መንግሥት ሲለወጥ ድንኳን ተክለን አለቀስንለት። ባለቤቱ ከዚያ በረኛ የሰማችውን ይዛ፣ አስለቃሹን አስቁማ እኔን በሕዝብ ፊት አስነሳችኝ። «ይቺ እህት ናት» አለች። «የምትታረድበት ቤት ገብታ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እኔን ግደሉኝ ብላለች። አላመኗትም እንጂ!» ሰው ሁሉ ደረቱን መታ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው መረቁኝ። እኔም አጎንብሼ ምርቃቱን ተቀበልኩ፣ አሜን እያልኩ፣ እስኪጨርሱ ድረስ።