አምስት መቶ መብራት በፎጣ ሥር

ከቤቴ የተነሳሁት ስሜን ለማስመለስ ነው። ቆቦ ከተማ ውስጥ አምፖል፣ ሶኬትና የፀሐይ መብራት እሸጣለሁ። ባለፈው ዓመት ከአንድ ጅምላ ሻጭ ያመጣኋቸው መብራቶች ሳምንት ሳይሞላቸው እየጠፉ፣ ገበሬው በኬሻ እየያዘ ይመልስልኝ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ቆቦ ገበያ ላይ ቃል ሰጥቶ የሚጠፋ ሰው ሁሉ «የትርሐስ መብራት» ይባላል። ትርሐስ እኔ ነኝ። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራው ሲያረፍድ፣ አንዷ «ይሄም የትርሐስ መብራት ሆነ እንዴ?» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። የጎረስኩት ሳይወርድልኝ ተነስቼ ወጣሁ።

ስለዚህ በቀጥታ ከፋብሪካ ለማዘዝ ወሰንኩ። ንግድ ከመግባቴ በፊት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ በእንግሊዝኛዬም እኮራለሁ። ቻይና ካለ የመብራት ፋብሪካ ሊሊ ከምትባል የሽያጭ ሠራተኛ ጋር በስልክ እንጻጻፍ ነበር። የላከችልኝ ናሙና ጥሩ ነው፤ ዋጋውም ሦስት ዶላር። ችግሩ ፋብሪካው ከአንድ ሺህ በታች ትእዛዝ አለመቀበሉ ነው። የእኔ አቅም ደግሞ ሦስት መቶ ነው። ብለምናት ብለምናት መልሷ አንድ ነው፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ዝቅተኛው ትእዛዝ አንድ ሺህ ነው።» ከሥሩ የፈገግታ ምስል ታደርግበታለች። ያ ፈገግታ ነው ያንገበገበኝ።

አዲስ አበባ ያለ አስመጪ ዕቃዬን በራሱ ኮንቴይነር ሊጭንልኝ ተስማምቷል፤ ግን ኮንቴይነሩ ሳይሞላ ቶሎ መልስ ስጪኝ ብሎኛል። ሱቁን ለባለቤቴ ለገብሩ ትቼ፣ አብሮኝ መብራት የሚያዝ ነጋዴ ፍለጋ ወጣሁ።

ጠዋት፣ ወደ ጎብዬ

ሚኒባሱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አምስት አስቀመጠን። ታሪፉ ወረቀት ላይ ሌላ፣ ረዳቱ አፍ ላይ ሌላ ነው። ብከራከረው «እማማ፣ ካልተስማማሽ መንገዱ የመንግሥት ነው፤ በእግር ይቻላል» አለኝ። ከዋጋው በላይ «እማማ» መባሌ አበሸቀኝ። በመስኮቱ ግራና ቀኝ የማሽላው ዘለላ መቅላት ጀምሯል፤ ማማዎቹም ተሠርተዋል። ማማ ላይ አድሮ እህል የሚጠብቅ ሰው ሁሉ መብራት እንደሚፈልግ እያሰብኩ ትንሽ ተጽናናሁ።

ጎብዬ ላይ እንደ እኔው መብራት የሚሸጥ መንገሻ የሚባል ወዳጅ አለኝ። ከሱቁ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት እንቁላል ፍርፍር ጋበዘኝና እየሳቀ አዳመጠኝ።

«መቶ እወስዳለሁ» አለ። «ግን አባ ሰይድ ከገቡበት ብቻ ነው።»

«እኔን አታምነኝም?»

«አንቺንማ አምናለሁ፤ መብራትሽን ነው እንጂ!»

አባ ሰይድ የዋጃ የግመል ደላላ ናቸው። እሳቸው የተዋዋሉትን ዕቃ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይገዛል። ሻዬን ሳልጨርስ ወደ ሰሜን የሚሄድ መኪና ያዝኩ። ቆቦን ሳልወርድ አለፍኩ፤ ገብሩ ቢያየኝ «ምን አገኘሽ?» ይለኛል።

ቀትር፣ ዋጃ

ዋጃ የደረስኩት ፀሐይ አናት ስትበሳ ነው። አባ ሰይድን ከብት ገበያው ዳር፣ ግራር ሥር አገኘኋቸው። እዚህ ግመል ሲሸጥ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ተያይዘው ፎጣ ይሸፍኑበትና በጣት ይነጋገራሉ። ዳር የቆመ ሰው ፎጣው ሲንቀሳቀስ ከማየት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም።

ጉዳዬን ሰምተው ሲያበቁ፣ «መቶ ለግመል ጠባቂዎቹ እወስዳለሁ» አሉ። «ዋጋውን የምነጋገር ግን እኔ ነኝ። አንቺ አስተርጓሚ ነሽ።»

ይህን ሁሉ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ለግመል ደላላ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሊሊ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ። እዚያ እየመሸ ነው፤ መነጽር ያደረገች ልጅ፣ ከኋላዋ መብራት የተደረደረበት መደርደሪያ ይታያል። አባ ሰይድ ወዲያው ፎጣቸውን በስልኩም፣ በእኔም፣ በራሳቸውም ላይ ጣሉት። ሙቀቱ ያነሰን ይመስል!

«መጀመሪያ ሰላም በያት። አገሩ ደህና ነው? ዝናቡስ? ከብቱስ?»

«አባ ሰይድ፣ የፋብሪካ ሰው እኮ ናት። ከብት የላትም።»

«አባት የላትም? እሱን ጠይቂያት።»

እያፈርኩ ጠየቅኳት። ሊሊ መነጽሯን አስተካከለች። ከዚያ አባቷ ገጠር ዳክዬ እንደሚያረባ፣ ጎርፍ መጥቶ ዳክዬዎቹን ሁሉ እንደወሰደበት፣ እሷም እስካሁን ሄዳ እንዳልጠየቀችው ነገረችን።

«ዳክዬ ምንድን ነው?» አሉኝ አባ ሰይድ።

«የውሃ ዶሮ በሉት።»

«ያ አላህ! የተሻለውን ይተካለት በያት። ደግሞ ትሂድና አባቷን ትጠይቅ።»

ተረጎምኩላት። ሊሊ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። በስንት ወር መጻጻፍ ይህቺ ልጅ አባት እንዳላት አለማሰቤ ቆጨኝ።

«አሁን ወደ ዋጋው» አሉ አባ ሰይድ። የእኔ ሦስት መቶ፣ የመንገሻና የእሳቸው መቶ መቶ፣ በድምሩ አምስት መቶ ጠየቅን።

ሊሊ ከአለቃዋ ጋር ተነጋግራ ተመለሰች፤ አምስት መቶ ይቻላል፣ ዋጋው ግን አራት ዶላር ይሆናል። ስተረጉምላቸው «ዝጊው» አሉ።

«ምኑን?»

«ስልኩን ነዋ! ሻጭ የሚታወቀው ጀርባ ሲሰጡት ነው።» ብለው በአውራ ጣታቸው እራሳቸው ዘጉት።

ስንት ወር የለመንኩትን በአንድ ጣት! ምሳ የፍየል ጥብስ በማሽላ እንጀራ ቀረበ፤ እኔ መጉረስ አቃተኝ፣ እሳቸው ግን የእኔንም ጨምረው በሉ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይሉኛል በየጉርሻው መሀል። ስልኩ ጠራ። ዘልዬ ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ። «ይጥራ፤ ጥጋበኛ መሆናችንን ትወቅ።» ደግሞ ሲጠራ ፎጣውን መልሰው በላያችን ጥለው አነሱት። ሊሊ አምስት መቶውን በሦስት ዶላር ተኩል እንስጣችሁ አለች።

«ምቺ በያት» አሉና መዳፋቸውን ስልኩ ላይ ጠፍ አደረጉ። ሊሊ ግራ ገብቷት አየችኝ። እጅ ሲመታ ውል አለቀ ማለት እንደሆነ ነገርኳት። ሳቀችና እሷም በመዳፏ መታችው፤ ምስሉ ተንቀጠቀጠ።

ላብ በላብ ሆነን ከፎጣው ስንወጣ ገበያተኛው ከቦናል። ዋጋውን ማንም አልሰማም፤ ጉድ ያመጣውም ይኸው ነው። እንዲህ ተሸፋፍኖ የተገዛ ዕቃ ምን ያህል ርካሽ ቢሆን ነው ተባለ። «ለእኔ ሃያ!» «ለእኛ ሠፈር ሃምሳ!» እያሉ ቀብድ ያስጨብጡኝ ጀመር። ወሬው ቀድሞ ጎብዬ ገብቶ ኖሮ መንገሻ ደውሎ «የደበቃችሁትን ሰምቻለሁ፤ መቶዬን ሦስት መቶ አድርጊው» አለኝ። ፀሐይ ሲበርድ ትእዛዙ አንድ ሺህ አንድ መቶ ደረሰ። ያን ሁሉ የተከራከርንበት ዝቅተኛ ትእዛዝ ከእግራችን ሥር ቀረ።

መልስ

«አባ ሰይድ፣ ከሺህ በላይ ስለሆነ ሁሉም በሦስት ዶላር ይሆንልናል!» አልኳቸው መንገድ ዳር መኪና ስንጠብቅ።

«የቀረው አዲስ ግብይት ነው፤ እንደፈለግሽ ተነጋገሪ። የአምስት መቶው ግን እጅ ተመቷል።»

«እሷ ራሷ እኮ ደስ ብሏት ትቀንሳለች።»

«ትቀንስ ይሆናል። አንቺስ ማን ልትባይ ነው?»

መኪናው መጣና ተሰናብቻቸው ገባሁ። እስከ ቆቦ ድረስ በዞብል ተራሮች ላይ የሚያርፈውን የማታ ብርሃን እያየሁ፣ ሽማግሌውን በሆዴ እየተራገምኩ ሄድኩ። ልገባ ስል ለሊሊ ጻፍኩላት። ወዲያው «እንኳን ደስ አላችሁ! ሁሉንም በሦስት ዶላር አድርጌዋለሁ» አለች። የፊተኛው አምስት መቶ በሦስት ተኩል ይቆይ አልኳት።

«ውድ ደንበኛችን፣ አልገባኝም።» አሁን ፈገግታ የለበትም።

«እጅ መትተናል» ብዬ መለስኩላት። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቤቴ ገባሁ።

ገብሩ ሱቁን ዘግቶ እራት ላይ ጠበቀኝ። «እሺ፣ ስንት አስቀነስሽ?»

«እሷ ልቀንስ አለች፤ እኔ እምቢ አልኩ።»

እጁን ግንባሬ ላይ አደረገ። «የዋጃ ፀሐይ ነው» አለ።

ጠዋት የሊሊ መልእክት ደርሶ አገኘሁት። አለቃዋ ነገሩን ሲሰማ ደንግጧል። «ቅናሽ እምቢ የሚል ደንበኛ አይቼ አላውቅም፤ እነዚህ ሰዎች አንድ መብራት ቢጠፋባቸው ምን ሊያደርጉን ነው?» ብሎ፣ የእኛ መብራት እያንዳንዱ በርቶ እንዲያድርና እስኪነጋ ያልጠፋው ብቻ እንዲታሸግ አዟል። እሷም ፈቃድ ጠይቃ ወደ አባቷ እየሄደች ነው።

ጥራት ያለው ዕቃ ላኩልኝ እያልኩ ስለምን ከርሜ ያገኘሁት ፈገግታ ብቻ ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ፋብሪካ የሚለማመጠውን ደንበኛ እንደማይሰማ፣ ቃሉን የማያጥፈውን ግን እንደሚፈራ ነው። መልእክቱን ለገብሩ ተረጎምኩለት። ሁለቴ አስደገመኝና የሱቁን ቁልፍ አንስቶ ወደ በሩ ሄደ።

«በቃ፣ ግማሽ ዶላሯን ይቅር ብዬሻለሁ» አለኝ።