ቦጭ የሚለው በር

ባለቤቴ ዳቦ አከፋፋይ ነው። ዳቦ ቤት ያሉት "አይቸኩሌ" ይሉታል። ሲነዳም ሲበላም ሲስቅም ቀስ ብሎ ነው። ሥራ ከያዘ ግን ግማሽ ላይ መተው አያውቅም። ነገሩም የመጣው ከዚሁ ይመስለኛል።

መኪናችን አሮጌ ናት። ከኋላ የዳቦ መደርደሪያ፣ ከፊት ሁለት ወንበር አላት። እሷን ከመግዛታችን በፊት ባለቤቴ ወፍጮ ቤት ዱቄት ይሸከም ነበር። ወገቡ ተጎድቶ የጫማውን ክር የማስርለት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የመኪና ምርመራ ሲደርስ እንጨነቃለን። መርማሪው ከስር ገብቶ በካቻቢቴ ወጋ ወጋ ያደርጋታል። ብረቱ ከተበሳ መንገድ አትወጣም። እሱም ወደ ጆንያው ተመለሰ ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት አለፈች። ባለቤቴ ግን ከስር ዝገት አይቶ ስለነበር ደስ አላለውም። ካትራሜ የሚሉትን ጥቁር ሬንጅ አመጣና በጀርባው ተኝቶ ሆዷን በሙሉ ቀባት። ቀብቶ ደገማት። ቀዳዳ ያየበትንም ሁሉ፣ "ውሃ በዚህ ነው የሚገባው" እያለ ጠቅጥቆ ደፈነው። ሲወጣ ጥርሱ ብቻ ነበር ነጭ።

ከዚያ ዝናብ መጣ። አንዳንድ ቀን ዳቦ ላወርድ አብሬው እሄዳለሁ። ስንታጠፍ በእኔ በኩል ያለው በር ውስጡ ቦጭ ይላል። መልሰን ስንታጠፍም ቦጭ። ጀሪካን የታቀፍኩ ነው የመሰለኝ። አንዷ ባለሱቅ ሰማችና፣

"አይቸኩሌ፣ ዳቦ ነው ወይስ ውሃ የምታመላልሰው?" አለችው።

ሳቀ። "መስኮቱ በደንብ አልተዘጋ ይሆናል" አላት።

እኔ መናገር ፈራሁ። ስለ መኪና ምን አውቄ። ግን ደጃፋችን ላይ በቆርቆሮ አበባ ተክያለሁ። ቆርቆሮውን ከስር ካልበሳሁት ውሃው ይተኛበትና ሥሩ ይበሰብሳል። ይሄ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ።

ምርመራው ሲቃረብ ዋርሳዬ ሊያግዘው መጣ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ በያጅ ነው፣ ካልቀለደ ምግብ አይበላለትም። መኪናዋን በክሪክ አነሷት፣ ግንድ አስደገፏት፣ ለጎማው ታኮ አደረጉና ሁለቱም ከስር ገቡ። እኔ ሻይ ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ።

"ስማኝማ" አልኩ። ከስር ሆነው አልሰሙኝም። ደገምኩት። "ስማኝማ፣ እነዚያ ቀዳዳዎች… የውሃ መውጫ ቢሆኑስ?"

ዋርሳዬ ወደ ባለቤቴ ዞረ።

"ወንድሜ፣ የበሩንም ደፍነሃል እንዴ?" አለ ዋርሳዬ።

"አንድም አልተውኩ" አለ ባለቤቴ፣ ኮራ ብሎ።

"ጉድ ፈላ! ዋርሳዬ፣ ምስማር አቀብዪው" አለኝ፤ እሱም እኔን ዋርሳዬ ነው የሚለኝ።

ባለቤቴ የበሩን ታችኛ ጠርዝ ወጋ ሲያደርገው ቡናማ ውሃ ፊቱ ላይ ተዘረገፈ።

"ተዪው ይውረድለት፣ ገላውን ከታጠበ ቆይቷል!" አለኝ ዋርሳዬ።

ሳቅን። ካትራሜውን ሲልጡት ግን ሳቃችን ቆመ። ከስሩ ብረቱ እንዳላበው ሰው ረጥቧል፣ ዝገቱም እንደ ቅርፊት ይነሳል። ከወንበሬ ስርማ ዝገት የበላው ቀዳዳ ጣት ያሳልፋል። ባለቤቴ አላየኝም፣ ወገቡን ያዝ አደረገ እንጂ። እኔ ግን አየሁት፣ ጆንያው ነው ትዝ ያለው።

"የሞተ ሰው ያለ አታስመስሉት" አለ ዋርሳዬ። የበሰበሰውን ቆርጦ ላሜራ በየደበት። ባለቤቴ የቀረውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በሽቦ ብሩሽ ፋቀው። የዚያን ጊዜ ቀስ ማለቱ ጠቀመን። መጀመሪያ የዝገት መከላከያውን ቀለም ቀባ፣ እሱ ሲደርቅ ሌላ ቀለም ደረበ። እኔ እጄ ትንሽ ስለሆነች በየቀዳዳው የክብሪት እንጨት ሰካሁ፣ ቀለሙ እንዳይደፍነው። ሊደርቅ ሲል ነቀልኳቸው።

የምርመራው ቀን እኔም ሄድኩ። መርማሪው ከስር ብዙ ቆየ። በካቻቢቴው ኳ፣ ኳ ያደርጋል። እኔ ላሜራው ጋ የደረሰ በመሰለኝ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ወጣና እጁን ጠረገ።

"አልፋለች። ማነው የሠራት?"

"እኔና ወንድሜ" አለ ባለቤቴ። ከዚያ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። "ቀዳዳዎቹ ግን የሷ ናቸው።"

መርማሪው ግራ ገብቶት አየኝ። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

ስንመለስ ዘነበ። ያ አይቸኩሌ፣ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ መሪውን በድንገት ጠመዘዘው፣ የበሩን እጀታ ይዤ ቀረሁ።

"ምን ሰማሽ?" አለኝ።

"ምንም።"

"በሩ ቦጭ አለማለቱን ሰማሽ ወይ ነው የምልሽ" አለና ወደ ቀስታው ተመለሰ።