የማርያም ዕለት በአክስቴ የማሾ ማሳ

ከደብረ ሲና የተነሳሁት ጠዋት፣ ጉሙ ገና ከአስፋልቱ ላይ ሳይነሳ ነው። ሸዋ ሮቢት አጠገብ፣ ቀወት ገጠር ውስጥ የምትኖረው የአባቴ እህት እትዬ አስካለ ማሾዋ ደርሶባታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ልጅ አልወለደችም፤ ዘንድሮ ደግሞ ወገቧን አሟታል። ቤት ውስጥ ማን ይሂድላት ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ብቻዬን ስጓዝ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ነው። ባለፈው ያነበብኩላችሁን ጽሑፍ ስላጨበጨባችሁልኝ፣ አሁን ረዘመ ብትሉ ጥፋቱ የእናንተ ነው።

ቁልቁለቱ

ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ጃኬቴን እስከ አንገቴ ድረስ ቆልፌዋለሁ።

"እህቴ፣ ቁልቁል አርማንያ ከተማ ሳንደርስ ታወልቂዋለሽ" አለኝ ሹፌሩ።

"አላወልቅም።"

አወለቅኩት። መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር አየሩ ይለወጣል፤ መስኮቱን ስከፍት የገባው ነፋስ ራሱ ትኩስ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል፤ ማማ ላይ የወጡ ሴቶች ወፍ ለማባረር ጅራፍ ያጮሃሉ።

ሸዋ ሮቢት ስንገባ ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ ትልቅ ፓፓያ በሃምሳ ብር ገዛሁና እንደ ሕፃን አቅፌ ባጃጅ ተሳፈርኩ። አክስቴ በር ላይ ተቀብላ ሳመችኝ። ከዚያ ፓፓያውን አየች፤ ከዚያ ወደ ጓሮዋ አየች። ጓሮው በሙሉ ፓፓያ ነው! ፍሬው ከዛፉ ላይ ተደራርቦ ተንጠልጥሏል። ወገቧን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። "ጎሽ፣ ፓፓያ እኮ ቸግሮኝ ነበር" አለችኝ።

ዘይነባ

ማሾ የሚለቀመው ፍሬውን የያዘው ቆባ ሲጠቁር ነው። ፀሐይ ከበረታች ቆባው ጧ ብሎ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ማልዶ መግባት፣ በቀትር ማረፍ፣ ሲመሻሽ መመለስ ነው። ጥድፊያ ይፈልጋል፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን ቀን ቆባውን እንደ ዕንቁላል እየያዝኩ ዋልኩ።

"ወላሂ፣ ይቺ የደጋ ልጅ ማሾውን እያባበለችው ነው!" አለች ዘይነባ። የጎረቤታችን የጋሽ ሰይድ ልጅ ናት፣ እኩያዬ። ሁለቱ ቤቶች አብረው ነው የሚለቅሙት፤ ዛሬ ለእነሱ፣ ነገ ለእኛ።

"አንቺ ደግሞ ምላስሽ ቢለቅም እስካሁን ጨርሰን ነበር" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆንን። ጣቶቼ ቆሳስለው ነበር፤ ግን ቀን በቀን ፈጠንኩ። በመጨረሻም ከእሷ እኩል መሥመሬን ጨረስኩ። ላቤን እየጠረግኩ "ነገ ይለይልናል!" ብዬ ፎከርኩ።

"ነገ ማርያም ናት" አለች አክስቴ።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብለን ሰማዩን ያየነው። በእኛ በደብረ ሲና በኩል ያለው ተራራ ጠፍቷል። ጥቁር ደመና ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል፣ የማሳው ግማሽ ገና አልተነካም። የደረሰ ማሾ ዝናብ ካገኘው እዚያው ቆባው ውስጥ ያቆጠቁጣል፤ ለገበያም ለዘርም አይሆንም። የአክስቴ የዓመት ጉሮሮ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ጋሽ ሰይድ ማምሻውን መጡ። "እትዬ አስካለ፣ እኛ በዓላችን አይደለም። ልጆቼን ይዤ እገባልሻለሁ።"

"አላህ ያክብርህ። እኔ ግን ቢበሰብስም በማርያም ቀን እጄን አልሰድም" አለች። ለእሳቸው ፈገግ አለች እንጂ ሲሄዱ ፊቷ ጠቆረ። የአንድ ቤት ሰው ያን ያህል ማሳ እንደማይጨርስ ሁለታችንም እናውቃለን።

የማርያም ዕለት

ሌሊቱን ዘነበ እያልኩ ጆሮዬን ጥዬ አደርኩ፤ አልዘነበም። ጠዋት ቅዳሴ አስቀደስን። ሕዝቡ ሊበተን ሲል ቄስ ጥላዬ መስቀላቸውን ይዘው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ።

"ደመናውን አይታችኋል። ዛሬ ማንም ለራሱ ማሳ አይገባም። ለአቅመ ደካማ የሚሠራ ግን ምጽዋት ነው። አስካለ ማሾዋ አልተነሳም። ባለማሳዋና ቤተሰቧ ማሾውን አይነኩም፤ እኛ ግን ከዚህ በቀጥታ እንሂድ።"

ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ልብስ አልቀየረም። ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰረና ተከተላቸው። ማሳው ዳር ስንደርስ ጋሽ ሰይድና ልጆቻቸው ቀድመው ገብተዋል። ደመናው ፀሐይዋን ስለሸፈናት ቆባው አይፈነዳም፤ ቀኑን ሙሉ መልቀም ይቻላል። እኔም እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

"አንቺ ልጅ!" አሉኝ ቄስ ጥላዬ። "እንግዳ ነሽ ወይስ ቤተሰብ? እንግዳ ከሆንሽ ልቀሚ፤ ቤተሰብ ከሆንሽ ተቀመጪ።"

ሰው ሳቀ። ዘይነባ ከማሳው ውስጥ "እንግዳ ነኝ በይ! ዛሬ አታመልጪኝም!" ብላ ጮኸች።

እንግዳ ነኝ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከደብረ ሲና መምጣቴን ሁሉም ያውቃል፣ ውሸት አይሆንም። ግን አክስቴን አየኋት። ግራሩ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትጠቀልላለች፤ ወደ እኔ ላለማየት አንገቷን ደፍታለች።

"ቤተሰብ ነኝ፣ አባ" አልኩ።

አክስቴ ቀና አለች።

"እንግዲያው ውሃ ማቅረብ የቤተሰብ ነው" አሉኝ።

አክስቴ ተነሳችና ነጠላዬን ደረቴ ላይ አዙራ፣ ከወገቤ አጥብቃ አሰረችልኝ፤ ታላቅ ሰው ፊት የሚያስተናግድ እንደሚያደገድገው ማለት ነው። "የቤቴ ልጅ" አለች።

አህያዋ ላይ ጀሪካን ጭኜ ከቦኖ ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ቦኖ ስመላለስ ዋልኩ። አህያዋ ሲላት ትሄዳለች፤ ሲላት ቆማ ታስባለች። መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዓይኔ ከዘይነባ እጅ ላይ አልነቀል አለኝ። ጣቴን በልቶኝ ነበር።

"ፈራሽ አይደል?" አለችኝ ጣሳውን ስሰጣት።

"ጠጪና ዝም በይ!"

ጋሽ ሰይድ "አላህ ይጨምርልሽ" አሉኝ፤ አንዲት አሮጊት "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉኝ። ቄስ ጥላዬም ጥምጣማቸውን እንደጠመጠሙ አጎንብሰው ይለቅማሉ፤ ለእሳቸው በሁለት እጄ አቀረብኩ። ቀጥሎ ለቆመው ሰውም በአንድ እጅ መስጠት አፈርኩና በሁለት እጄ ሰጠሁት። ከዚያ ለሁሉም እንደዚያው ሆነ፤ ለዘይነባም ጭምር። "ምነው፣ ንግሥት ሆንኩ እንዴ?" አለችኝ። ጣሳውን ግን እሷም በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

የመጨረሻው ጆንያ ቤት ሲገባ ነፋሱ ተነሳ። ጎጆው ሞልቶ፣ ሌላው በረንዳው ላይ ተጠጋግቶ፣ አክስቴ የቀቀለችውን ንፍሮ እየበላን ሳለ ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው። ከዚያ ዘይነባ "አሁን እንደፈለገ ይዝነብ!" አለች፤ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አክስቴ ጆንያዎቹን ተደግፋ አለቀሰች።

ወደ ቤት

ዳገቱን ስንወጣ ጃኬቴን መልሼ ለበስኩ። እናቴ በዓል በማክበር ቀልድ አታውቅም፤ ወሬው በስልክ ቀድሞኝ ደርሷል። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ያዘችኝ።

"በማርያም ቀን ማሳ ገባችሁ የሚባለው እውነት ነው?"

"ሰዉ ለእትዬ አስካለ ገባ። እኔ ቤተሰብ ስለሆንኩ አልለቀምኩም።"

"ታዲያ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?"

"ውሃ ሳቀርብ።"

"እሱስ ሥራ አይደለም?"

እናቴ ፊት በኩራት ቆሜ ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፦

"እማዬ፣ ያን ቀን ቅዳሴው ደጀ ሰላሙ ላይ ይብቃ ማሳው ላይ፣ እኔ አላወቅኩም።"

እናቴ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ላይ አወረደችልኝ።