በሥላሴ ዕለት ፀሐይ ላይ የዋለው ዘር

ረቡዕ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ሰቆጣ

አማትቤ ፒክአፑ ውስጥ ገባሁ። ቡድን መሪያችን ወንበሩን ከነቦርሳው ይዞታል፤ ለእኔ የተረፈኝ የማርሹ ጎን ነው። የምንሄደው ከአምደወርቅ ወዲያ፣ ገበሬው አባ ኪሮስ ማሳ ላይ ለሙከራ የተዘራውን አኩሪ አተር ነቅለን ስሩን ልናይ ነው። ሪፖርቱ ግን ቦርሳው ውስጥ ተጽፎ አድሯል፤ «አፈሩ ለባክቴሪያው አይስማማም» ይላል። ሟቹን ሳያይ የሚገንዝ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

እኔም ብሆን ከጎጃም ጥቁር አፈር መጥቼ ይህን ድንጋያማ ተዳፋት ባየሁ ቁጥር ከንፈሬን ስመጥ የኖርኩ ነኝ።

3 ሰዓት ተኩል፣ አምደወርቅ

ይህን ገደል መንገድ ብሎ የሰየመው ማን ይሆን? ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ዝንቡ በነጻ። ቡድን መሪው በረቡዕ ጥብስ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አስተናጋጇ ሽሮ አምጥታ አስቀመጠችለት። ሾፌራችን ሞላ ሳቁን ሻዩ ውስጥ ደበቀ።

ዘሩን ያመጣነው በሐምሌ ሥላሴ ዋዜማ ነበር፤ እዚያው መንደር አደርን። ለአኩሪ አተር ናይትሮጅን ከአየር የሚስብለት ስሩ ላይ እባጭ ሠርቶ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ለዚህ አገር አፈር እንግዳ ስለሆነ በጥቁር ዱቄት መልክ ይመጣና በስኳር ውሃ ከዘሩ ጋር ይለወሳል። ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ፀሐይና ድርቀት ይገድለዋል፤ በጥላ ተይዞ በዕለቱ እርጥብ አፈር መግባት አለበት። ገበሬዎቹ ሥላሴን አናርስም አሉ። ቡድን መሪው ባክቴሪያ በዓል አያውቅም ብሎ ቀለደ፤ ለፎቶ ሲል በበዓሉ ጧት ዘሩን አስለውሶ ሸራ ላይ አሰጣና ሄደ። በማግስቱ የተዘራው ያ ነው። እኔ ያን ጊዜ ነጠላዬን አጣፍቼ ቅዳሴ ሄጄ ነበር።

6 ሰዓት፣ ማሳው

አባ ኪሮስ የሰጡን ምስር የሚዘሩበትን ደህናውን ማሳ ነበር። ቡቃያው ቢጫ ነው። አሥር ነቀልኩ፤ ስሩ ባዶ ክር። ቡድን መሪው ወረቀቱን አወጣ። ሽማግሌው አፈሩን በመዳፋቸው ዘግነው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ መሬቴ ታሟል ወይ? ለልጆቼ ላካፍለው ነበር። የታመመ መሬት አላወርስም።»

ቡድን መሪው ተጽፏል አላቸው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተብርሃን ዳር ያለውን አንድ ትልም አሳዩን። አረንጓዴ ነው። ያን ዕለት ስኳሩን ጉንዳን ሊጨርሰው ነው ብለው፣ ከሸራው አንድ እፍኝ ዘር አንስተው በድስት ከድነው ከእንስራው ጥግ አሳድረውት ኖሯል።

«ጌታው፣ ይሄኛው ትልም ከሰማይ አልወረደም» አሉት።

ነቀልኩ። ስሩ ምስር የሚያካክሉ እባጮች አንጠልጥሏል። አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅኩት፤ ውስጡ ደም መስሏል። ባክቴሪያው በሕይወት አለ ማለት ነው።

«አባ፣ መሬትዎ ጤነኛ ነው» አልኩ። «ባክቴሪያውን የገደልነው እኛ ነን። ዘሩ ፀሐይ ላይ ሲውል እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ።»

አባ ኪሮስ አፈሩን ወደ ቦታው ቀስ አድርገው መለሱት። የዘንድሮውን ምስር ማን እንደሚመልስላቸው ግን ጠየቁ።

ማታ 1 ሰዓት፣ ሰቆጣ

ሪፖርቱ የእኔን ፊርማ ይፈልግ ነበር፤ አልፈረምኩም። ሁለቱን ስሮች በወረቀት ጠቅልዬ በላዩ ላይ አስቀመጥኩበት።

ከዚያ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ቅዳሴ ላይ ስለነበርኩ ዘሩን ወደ ጥላ እንዳላስገባሁ ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣

«ልጄ፣ የሥላሴ ቅዳሴ ጧት በሦስት ሰዓት አልቆ አልነበረም ወይ?» አሉኝ።