መስኮቱን የዘጉ ዕለት

ትናንት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤታችን ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ሳለ ዜና አንባቢው የሚለውን ለራሴ እየደገምኩ ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራው የልጅ ልጄ ሂንድ «እምዬ፣ ሳትሰሚ እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ። አቦ፣ ይሄ ምን ይገርማል! እኛ የፋብሪካ ሴቶች ከንፈር ስናነብ ያረጀን ነን።

በጃንሆይ ዘመን እዚሁ ድሬ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ ነበር። ማሽኑ ሲጮህ የጎረቤት ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ እናወራለን፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ እንደየሰዉ። ስንቱን ሰው እንደዚያ አምተናል! የሠራተኛ ማህበራችንም የተወጠነው ካቦው፣ ተቆጣጣሪያችን ማለት ነው፣ ከኋላችን ቆሞ ሳያውቅ ነው።

የወጠነችው ከጎኔ የምትሠራው ሐሊማ ነበረች፤ ረጅም፣ ማንንም የማትፈራ የሶማሌ ልጅ። የታመመ ሰው እንዳይባረር ማህበር ያስፈልገናል ብላ አሳመነችን። አለቆቹ ሲሰሙ እሷኑ አባረሯት። እሷ ከቀረች ከእንግዲህ ማን ደፍሮ ማህበር ይላል? በማግስቱ «ሐሊማ ትመለስ» ብለን ማሽኑን አጥፍተን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሐሊማ ከበሩ ውጭ ቆማ ታየናለች።

የድሬ ፀሐይ መቼም ምሕረት የላትም። ረፋዱ ላይ ጥላው ሸሸን። የያዝናትን ማንጎ ተካፍለን በላን፣ እጃችን ተጣበቀ። አንዳንዱ «ይቅርብን፣ እንግባ» ማለት ጀመረ። እኔም ፈራሁ፤ እናቴ የምትበላው በእኔ ደሞዝ ነበር።

ይሄኔ ሥራ አስኪያጁና ካቦው ቢሮ ገብተው መማከር ያዙ። እንዳንሰማቸው ብለው መስኮቱን ዘጉት። የመስታወት መስኮት! ወላሂ፣ ሳቄን በሻሼ አፈንኩት። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ «ጭነቱ በዛሬው ባቡር መሄድ አለበት። እስከ ምሳ ካልተነሱ ልጅቷን እንመልሳት» ሲል አነበብኩት።

ለጎረቤቴ በከንፈር ነገርኳት፣ እሷም ለጎረቤቷ። ሊነሳ የነበረው ሁሉ ተመልሶ ቁጭ አለ፤ አንዷማ እግሯን ዘርግታ ጋደም አለች። የምሳው ፊሽካ እንደተነፋ ዘበኛው በሩን ከፈተ። ሐሊማ አንገቷን ቀና አድርጋ ገባች፣ እኔም አልቅሼ አቀፍኳት። ማህበሩም ተመሠረተ።

ይህን ለሂንድ ስነግራት አባቷ፣ ልጄ፣ አጠገባችን ነበር። ሥራዋን እንዳታጣ ስለሚሰጋ «ይሄ የድሮ ወሬ ነው፣ ልጅቷን አታነሳሺብኝ» አለኝ። «እሺ፣ ድምፄን አላሰማም» አልኩት። እውነት ለመናገር ከዚያ ቀን ወዲህ ዝምታ አስፈርቶኝ አያውቅም።

አባቷ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲዞር ሂንድ አየችኝና ያለ ድምፅ፣ ቀስ ብላ፣ በከንፈሯ «እኛም ልንጀምር ነው» አለች።

እኔም በከንፈሬ መለስኩላት፦ «ማንጎ በደንብ ያዙ።»