ዛሬ ጠዋት ምን ወሰዱ?

ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ራሴ አንብቤ ነው። እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት፣ የመኪና ሞተርን ከመኪናው ጋር ከሚመጣው መጽሐፍ፣ የቅርጫት ኳስ ቅጣት ምትን ደግሞ ኦክላንድ ካለ ቤተ መጻሕፍት ከተዋስኩት ባለ ሥዕል መጽሐፍ ተማርኩ። በሕይወቴ ኳስ አንጥሬ ሮጬ አላውቅም። ቢሆንም የልጅ ልጄን ቅጣት ምት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጉልበት ማጠፍ፣ ክርን ወደ ውስጥ መሰብሰብ፣ ትንፋሽ ማውጣት፣ ከዚያ መልቀቅ። የተጠራጠረ እሷን ይጠይቅ።

ወረርሽኙ ሁሉን ነገር በዘጋበት ዓመት ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። የምትኖረው ሳን ሆዜ ከእናቷ ጋር ነው፤ እናቷ ልጄ ናት፣ ሳንታ ክላራ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። እኔ ኦክላንድ ብቻዬን እኖራለሁ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ትውላለች፤ ስደውልላት "ኦኬ አባባ፣ ባይ" ብላ ትዘጋዋለች። ከሰው ጋር የምታወራው ቅዳሜ ቅዳሜ ከአፓርትማቸው ጀርባ፣ ተራርቀን ቆመን ኳስ ስንወረውር ብቻ ሆነ። ስለዚህ የልጆች የቤት ውስጥ ስፖርት ሊከፈት ነው ሲባል እንደ እኔ የተደሰተ ሰው አልነበረም። አብዛኞቹ የእኛው አገር ሰው ልጆች ለሆኑበት ለልጅቷ ቡድን የመጀመሪያው ግጥሚያ ቀን ተቆረጠ።

"አባባ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥ። እንዳይህ" አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችው። አንቱታው ገና አልደረሳትም፤ አማርኛ የምታወጣውም ነገሩ ከልቧ ሲሆን ነው።

የካውንቲውን፣ ማለትም የአካባቢውን አስተዳደር፣ መመሪያ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለአንድ ተጫዋች አንድ አዋቂ ብቻ፣ ያውም ስሙ ቀድሞ የተመዘገበ። ማስክ አይወልቅም። በተመልካችና በተመልካች መካከል ስድስት ጫማ። የአዳራሹ ትልቁ የጎን በር ለአየር ክፍት ይሁን። የታመመ አይግባ። ወደ አማርኛ ተርጉሜ፣ በእጅ ጽሑፌ በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ የተሻለ ትርጉም እስካሁን አላየሁም።

የልምምዱ ጊዜ ሲጀመር አሰልጣኟ በር ላይ ተቸገረች። እዚህ አገር ያደገች ልጅ ናት።

"ጋሼ፣ ሲምፕተም፣ ማለቴ የሕመም ምልክት፣ አለ ወይ ስል ሁሉም 'ደህና ነኝ' ነው የሚለኝ። እያሳላቸው።"

"የእኛን ሰው ደህና ነህ ወይ ብለሽ አትጠይቂውም" አልኳት። "ነፍሱ ልትወጣ ቢሆንም ደህና ነኝ፣ ይመስገን ነው የሚልሽ።"

"ታዲያ ምን ልበላቸው?"

"ዛሬ ጠዋት ምን ወሰዱ በያቸው።"

ይህን ከየትም መጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከራሴ ነው። የእኛ ሰው ሕመሙን ይደብቃል እንጂ መድኃኒቱን አይደብቅም። አንዱ ዝንጅብል ይላል፣ ሌላው ከአገር ቤት የተላከለትን ዳማከሴ ይመሰክራል። አሰልጣኟ ወዲያው በሩን ለእኔ ሰጠችኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሰው ወደ ቤቱ መለስኩ። አንዷ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ የወሎ ሴት ነበሩ።

"እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ወሰዱ?"

"ምን እወስዳለሁ፣ ያቺኑ የስኳሬን ክኒን። ትንሽ ነጭ ሽንኩርት በማር።"

"ሽንኩርቱ ለምን?"

"ጉሮሮዬን ከረከረኝ።"

"እንግዲያው ዛሬ ቤት ነው።"

"አላህን አይፈሩም? በነጭ ሽንኩርት ሰው ይመለሳል?"

"ወረቀቱ ነው እትዬ።"

"እርስዎ አይደሉ የጻፉት?" ብለውኝ ሄዱ።

የግጥሚያው ቀን ጠዋት ሰውነቴ ተሰባብሮ ነቃሁ። ፍራሹ ነው አልኩ። ሁለት የትኩሳት ክኒን ውጬ ወደ ሳን ሆዜ ነዳሁ፤ ስደርስ ቀሎኝ ነበር። አሰልጣኟ ግንባሬን ለካችኝ፣ ትኩሳት የለም።

"ደህና ነዎት ጋሼ?"

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ጥያቄውን ሳትጨርስ ነው የመለስኩት። አፌ ራሱ ነው የተናገረው። ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ ሌላውን ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። የልጅ ልጄ ውስጥ እያሟሟቀች ነበር፤ አይታኝ እጇን አወዛወዘችልኝ።

የወሎዋ ሴት ድነው መጡ። "ዛሬ የስኳሬ ክኒን ብቻ" አሉ ሳልጠይቃቸው። ሊያልፉ ሲሉ ዞሩ። "እርስዎስ ሀኪሙ? ዛሬ ጠዋት ምን ወሰዱ?"

ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የተዋጠ ክኒን ትኩሳትን ከቴርሞሜትር ይደብቃል ብዬ ለአሰልጣኟ ያስረዳኋት እኔው ነኝ። ሴትየዋ ስኳር እንዳለባቸው አውቃለሁ፤ የሚቀመጡትም ከአጠገቤ ነበር።

"ሁለት የትኩሳት ክኒን" አልኳቸው።

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። "ልጅቷስ?" አሉ።

"ሦስተኛው ረድፍ ላይ ልይህ ብላኛለች።"

"እኔ እቀመጥላታለሁ። ይሂዱ፤ ዛሬ ቤት ነው።"

የገባውን ሰው የምመዘግብበትን ስክሪብቶ ለአሰልጣኟ ሰጥቼ ወጣሁ። ቤት ግን አልሄድኩም። መኪናዬን አዙሬ ለአየር ከተከፈተው የጎን በር ትይዩ አቆምኩ። ከዚያ የሚታየኝ አንዱ ቅርጫት ብቻ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ የእኛ ልጆች የሚያጠቁት በሌላኛው በኩል ስለነበር ጨዋታውን በጆሮዬ ነው የተከታተልኩት፤ የኳስ ድምፅና የጫማ ሲጥሲጥታ። ከእረፍት በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ ልጅቷን ገፏትና ሁለት ቅጣት ምት ተሰጣት።

መስመሩ ላይ ቆማ ወደ ሦስተኛው ረድፍ አየች። ትከሻዋ ሲወርድ ከመኪናው ውስጥ ሆኜ አየሁት። ይኼኔ ሴትየዋ መኪናዬን በበሩ አይተው ኖሮ ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ በሩ አመለከቷት መሰለኝ፤ ልጅቷ ዞረች። ከደስታዬ ብዛት የመኪናውን መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረግሁና እንደበራ ተውኩት። ወረወረች። ኳሱ ቅርጫቱን ሳይነካ ወደቀ።

መብራቱን አጠፋሁ። ጉልበቷን አጠፈች፣ ክርኗን ሰበሰበች፣ ትንፋሿን አወጣች። ገባ።

ሲያልቅ መጥታ ከመኪናው ራቅ ብላ ቆመች።

"ዓይኔ ውስጥ አበራህብኝ" አለችኝ።

"ሁለተኛው ገብቷል።"

"መብራቱን ስላጠፋኸው ነው።"

ይህን ብላ ግን አልሄደችም። እናቷ እስክትመጣ፣ በተዘጋው መስኮት በኩል፣ እኔ ያላየሁትን የመጀመሪያውን አጋማሽ ከአንድ እስከ መጨረሻው ነገረችኝ።

ሰኞ ተመረመርኩ፤ በሽታው ነበረብኝ። አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። ከእኔ ወደ ማንም አልተላለፈም። ሴትየዋ ባይጠይቁኝ ኖሮ በራሴ እወጣ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ነገር አውቃለሁ፣ ይህን ግን አላውቅም። በተኛሁባቸው ቀናት እሳቸው በየጠዋቱ ይደውሉልኝ ነበር። ደህና ነዎት ወይ አይሉኝም። ምን ወሰዱ ነው የሚሉኝ፣ እኔም አንድ በአንድ እቆጥርላቸዋለሁ።