ሣር የማይበቅልበት አገር

ፊደል በቅጡ ያልለየሁ ሰው ብዕር ማንሳቴ ድፍረት ነውና ይቅርታ አድርጉልኝ። ስለ ኤውሎጂያ የሚጽፍ ሌላ ሰው ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም።

ኤውሎጂያ ኩይ በማርባት የኖረች ባልቴት ናት። እነዚያ ጭራ የሌላቸው፣ ከጥንቸል አነስ የሚሉ ፍጥረቶች ማድ ቤቷ ውስጥ በእግሯ ሥር ይርመሰመሳሉ። ሣር ይዛ ስትገባ ይንጫጫሉ፤ እሷም «ዝም በሉ፣ ሆዳሞች!» ትላቸዋለች። ለበዓል ታርዳለች፤ ለሙሽራም ትሰጣለች።

በወጣትነቷ ባሏ ተራራው አናት ላይ ወደ ተከፈተ የማዕድን ሰፈር ወስዷት ነበር። «ማንም ያልኖረበት አገር ነው፤ እኛ እንጀምረዋለን» አላት። እውነትም ማንም አልኖረበትም። ሣር የለ፤ አየሩ ስስ፣ ለትንፋሽ የማይበቃ። እዚያ ሴት ልጅ ወለደች፤ ፕላሲዳ አለቻት። ሕፃኗ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትንፋሽ ስታሳድድ ሰንብታ ሞተች። ኤውሎጂያን ከልጇ ሞት ይልቅ ያ ትግሏ ነው የጎዳት። ወደ ሸለቆው ከተመለሱ በኋላ ሳቢኖን ወለደች።

ሳቢኖ አድጎ፣ ከተማ ውስጥ ለጠፈር ጉዞ እንስሳት በሚያዘጋጅ ጣቢያ ተቀጠረ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሣጥኖች አስጭኖ መጣ።

«እማዬ፣ ሴቶቹን ኩዮች ስጪኝ፤ በተለይ እርጉዞቹን። ማርስ ላይ የሚሰፍሩ ሰዎች ሥጋ ይፈልጋሉ። የእናቴ ዘር ቶሎ ይራባል ብዬ ለአለቃዬ ቃል ገብቻለሁ።»

አበልጇ ፍሎሬንቲና በሩ ላይ ሱፍ እየፈተለች ነበር። «እኔን ገበያ የሚያደርሰኝ መኪና ጠፍቶ ኩይ ሰማይ ሊወጣ!» አለች።

ኤውሎጂያ አልሳቀችም። «እዚያ ሣር አለ?»

«በሣጥን ያበቅሉላቸዋል።»

«አየርስ?»

«በቧንቧ።»

«አሁን እዚያ የሚያለቅስ ነገር አለ?»

«ምን ሊኖር እማዬ? ድንጋይና አቧራ ነው።»

«እንግዲያው ተዉት፤ እንዳረፈ ይኑር።»

«አንቺስ ታርጃቸው የለ?»

«አርዳለሁ፤ ኃጢአቴን አላጣሁትም። ድርቅ ሲመጣ ግን ማርባቱን እተዋለሁ። እዚያ አንዴ ከተጀመረ ማን ይተወዋል? ሰዎቹስ ልጅ ይወልዳሉ?»

«ይወልዳሉ እንጂ! መንደር አይደል?»

«እህትህም የሞተችው መንደር ውስጥ ነው።»

ሳቢኖ ፊቱ ቀላ። «ሁልጊዜ እሷ! እኔ በሕይወት ያለሁት ልጅሽ አይደለሁም? ባዶ እጄን ከገባሁ ያባርሩኛል።»

«ከሌላ ቤት ታገኝ የለ?»

«የእናቴን ብዬአለኋ! የአባቴም ድርሻ አለበት፤ ጠዋት እወስዳቸዋለሁ» ብሎ ወደ መኝታው ሄደ።

ፍሎሬንቲና እንዝርቷን ሰብስባ፣ «ስጪውና ይለፍ፣ አበልጄ። አንቺ ብትከለክዪም ሰዎቹ ከመሄድ አይቀሩም» አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች ኤውሎጂያ። «ከእኔ ቤት ግን አይጀመርም።»

በማግስቱ ጠዋት ሳቢኖ ሳይነቃ ትልቁን ድስት ጣደች። ከዚያ ኩዮቹን አንድ በአንድ እያነሳች፣ ጀርባቸውን እየደባበሰች አንገታቸውን ቀጨች። በእኛ ዘንድ እርጉዝ ኩይ መግደል ነውር ነው፤ እርጉዞቹንም አላስቀረችም። ጎረቤቱንም ሁሉ ለግብዣ ጠራች። ሳቢኖ ነቅቶ ማድ ቤቱን ሲያይ ባዶ ሣጥኖቹን ሰበሰበ። ተሸክሟቸው ሲወርድ እሷ ለፍሎሬንቲና ሥጋ እየቆረጠች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችው። ራሷ አልቀመሰችም።